የቲሆሚር ንጹሕ ጣቶች

ቲሆሚር ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት፣ ከትልቁ የእንጆሪ ዛፍ ሥር ነው። ፊቱ ቲሳ ወንዝ ውስጥ ተደፍቶ፣ እግሮቹ ዳር ላይ ቀርተዋል። ማጅራቱ ላይ ቁስል አለ። የማጥመጃ ዘንጉ ከጎኑ እንደተተከለ ነው፤ መንጠቆው ላይም አንድ የበሰለ ጥቁር እንጆሪ ተሰክቷል።

ሰኔ ሲገባ ዛፉ ፍሬውን ውሃው ላይ ያረግፋል፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣም ለፍሬው ሲል ከሥሩ ይሰበሰባል። ይህን ከቲሆሚር አስበልጦ የሚያውቅ በመንደሩ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም «አዳልጦት ነው፤ ድንጋይ መትቶት ነው» አለ።

ከከተማ የመጣችው መርማሪ ደሳንካ ግን ተንበርክካ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ቀጥላ የጫማውን ሥር አየች። ከዚያ ቀና ስትል ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ዓይኗን ያዘው። ጥቁሩ ፍሬ እንዳለ ነው፤ አረንጓዴው ጥሬ ግን ተሟጥጦ ተለቅሟል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘውን የወንዙን ጥበቃ ራዶቫንን ነው።

«ያየሁት ከወንዙ መሃል ነው» አለ። «ጀልባዬ ላይ ሆኜ ተጣራሁ፤ ዝም። ወዲያው ደወልኩላችሁ።»

«ወደ ዳር አልወጣህም?»

«ፖሊስ ሳይመጣ ማን ይነካል? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዛፉ አጠገብ አልደረስኩም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አበልጄ ነበር እኮ። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው።»

«ጠላት ነበረው?»

«ሰው ማማት አልወድም። ግን ስቬቶዛርን ይጠይቁ።»

ስቬቶዛር የሟቹ ሚስት ወንድም ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ በርሜል ላይ ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል።

«እጄን ነው የምታይው?» አሉ ሳትጠይቃቸው። «እይው! ሳምንቱን ሙሉ ለአረቄ የሚሆን እንጆሪ ስጨምቅ ነው የከረምኩት።»

«ከቲሆሚር ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል እንጂ! ያ ዛፍ ሥር ያለው ቦታ የአባቴ ማጥመጃ ነበር፤ ነጠቀኝ። ሁለት ዓመት አላነጋገርኩትም።» ድምፃቸው ድንገት ሰለለ። «አሁንስ ማንን ልኮርፍ?»

የምግብ ቤቷ ባለቤት ያጎዳ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር።

«ቲሆሚር ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?» አለቻት ደሳንካ።

«ምን ይሆናል እህቴ? ሰኞ እዚህ ተቀምጦ የዓሣ ሾርባውን ሲበላ፣ ‹የዘንድሮ ካርፕ አከርካሪው ተሰብሮ፣ ሥጋው ደም ቋጥሮ ይመጣልኛል› ብዬ ቀለድኩ። ማንኪያውን አስቀመጠና ‹ማነው የሚያመጣልሽ?› አለኝ። ነገርኩት። ሾርባውን ሳይጨርስ ወጣ።»

«ለእኔም ንገሪኝ።»

ያጎዳ በሩን ዘጋች። ከዚያ በሹክሹክታ ነገረቻት።

ደሳንካ ከዚያ በቀጥታ የወረደችው ራዶቫን ጀልባውን ወደሚያስርበት ቦታ ነው። ጎንበስ ብላ ከጀልባው ወለል አንድ ነገር ለቀመች።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱንም ከዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ቲሆሚር እዚህ አልሞተም» አለች። «መሬቱን እዩት፤ በረገፈ እንጆሪ ተሸፍኗል። እዚህ የረገጠ ሁሉ ጫማው ጠቁሯል፤ የእኔም ጭምር። የእሱ ጫማ ሥር ግን ንጹሕ ነው። ሰው ተሸክሞ ነው ያመጣው።»

«ውሃው አጥቦት ይሆናላ» አለ ራዶቫን።

«እግሩን ውሃ አልነካውም። ጣቶቹም ንጹሕ ናቸው። የእንጆሪ ቀለም ደግሞ በውሃም በሳሙናም አይለቅም። መንጠቆው ላይ ያለውን ፍሬ የሰካው እሱ አይደለም። የሰካው ሰው ጣቱ ጠቁሯል።»

ዓይን ሁሉ በስቬቶዛር እጅ ላይ አረፈ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«አይደብቁት ጋሽ ስቬቶዛር። ሳምንቱን ሙሉ የጠቆረ እጅ አዲስ ምልክት አይፈራም። ገዳዩ ግን ምልክቱን ማጥፋት ነበረበት። ልጆች ሳለን ልብሳችንን በእንጆሪ ስናበላሽ እናቴ በጥሬው ነበር የምታሸው፤ ጥሬው የበሰለውን ያስለቅቃል። ያ ቅርንጫፍ ይታያችኋል? ጥቁሩን ትቶ ጥሬውን የሚለቅም ማነው?»

መዳፏን ዘረጋች። የተጨፈለቀ አረንጓዴ ፍሬ ነበር።

«ከጀልባህ ወለል ላይ ነው ያገኘሁት፣ ራዶቫን።»

ራዶቫን ሳቀ። «በሥሩ ሳልፍ ረግፎብኝ ይሆናል።»

«ጥሬ እንዲህ በቀላሉ አይረግፍም። ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልደረስኩም ብለሃል። ይህ ግን ገና አልጠወለገም። ያጎዳ፣ ተናገሪ።»

ያጎዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ዓሣውን የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ከሕገወጥ አጥማጆች የወረስኩት ነው እያለ።»

«የዓሣ አከርካሪ እንዲያ የሚሰብረው መረብ አይደለም» አለች ደሳንካ። «ውሃ ውስጥ የተለቀቀ ኤሌክትሪክ ነው። ወንዙን ጠብቅ የተባለው ሰው ራሱ የወንዙን ዓሣ በመኪና ባትሪ ሲጨርሰው ቲሆሚር ደረሰበት።»

ራዶቫን ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ጀልባዬ ድረስ መጣ» አለ። «በመቅዘፊያው አንዴ ነው የመታሁት። አንዴ ብቻ።»

«ሊያጋልጥህ መጥቶ ነው?» አለች ደሳንካ።

«አይደለም። ‹ባትሪውን ይዘህ ራስህ ሂድና ተናገር። አበልጄ ነህና እስከ እሁድ አፌን እይዛለሁ› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን መታኸው?» አሉ ስቬቶዛር።

ራዶቫን ንጹሕ ጣቶቹን አየ።

«አላመንኩትም።»

ስቬቶዛር ቆባቸውን አወለቁ። ወንዙን አዩ እንጂ እሱን ዳግመኛ አላዩትም።

«ቲሆሚር ‹እስከ እሁድ› ካለ፣ እስከ እሁድ አፉን ይይዝ ነበር» አሉ።