ሽበቱና ወፉ በአንድ ቅጽ

ዕፅዋት አጥኚው ዑመር ከከሚሴ በላይ ካለው ጫካ፣ ገደል ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ቦርሳው ውስጥ በላስቲክ የታሰረ አለት ላይ እንደ ፀጉር የሚበቅል እርጥብ የድንጋይ ሽበት ነበር፤ ከዚያ ገደል በቀር የትም አልታየም የተባለው አረንጓዴ ሽበት።

አሟሟቱን የሚያጣራው የፖሊስ መቶ አለቃ ቃሲም ላስቲኩን እያገላበጠ ተበሳጨ። ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው፤ ጫካው ለመንግሥት እርሻ ሊመነጠር ተወስኗል። ጫካውን የሚያስጥለው ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረት እንዳለበት የሚመሰክር አንድ ቅጽ ነው፤ ዑመርና የወፍ አጥኚው ባልደረባው ፈርመውበት ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ሰኞ መጥረቢያ ይነሣል። ደግነቱ ዑመር ትናንት ፈርሟል።

«ሽበት ሲልጥ አዳልጦት ነው» አለ የወፍ አጥኚው ሙሀመድኑር። «ስንቴ ነገርኩት!»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተከራከርን እንጂ። ቅጹ ላይ ዋና ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እሱ ሽበቱ አለ፣ እኔ ወፉ።»

መቶ አለቃው ጸሐፊያቸውን ሰዒዳን ጠራ።

«ማን ረታ?»

«ጋሽ ዑመር ናቸዋ። ወፉ እስከ ባሌ በየጫካው ስላለ ‹ስጋት የለበትም› ተባለ፤ ሽበቱ ግን ‹ሊጠፋ የተቃረበ›። አሥራ ሁለት ዓመት ወፍ ሲከተል የኖረ ሰው እንዴት አይከፋው?»

«ሽበቱን በምን ነው የምትይዙት?»

«በጋዜጣ! ጀይሉ ያጥፋል፣ እኔ ስሙን እጽፍበታለሁ።»

የደን ጠባቂው ጀይሉ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ጓድ መቶ አለቃ፣ ኦቦ ዑመር ላስቲክ ሲያዩ ይቆጡ ነበር። ‹ታፍኖ ይበሰብሳል› ይላሉ።»

አምስት ሰዓት ላይ ቃሲም ሦስቱንም አጥኚዎቹ የሚያድሩበት ድንኳን ደጃፍ ሰበሰበ።

«ዑመር ሽበት በላስቲክ አይዝም። እንግዲያው ሽበቱን ቦርሳው ውስጥ የከተተው ሌላ ሰው ነው፤ ሲለቅም ወደቀ ለማሰኘት። ሰዒዳ ወይ ጀይሉ ቢሆኑ ጋዜጣ ባጠፉ ነበር፤ እጃቸው የለመደው እሱን ነው። የሟቹን ሥራ ንቆ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ያላየው ግን አንድ ሰው ነው።»

ሙሀመድኑር ድንገት ጮኸ። «ዕድሜዬን በአንድ መስመር ዘጋው! ‹ስጋት የለበትም› ብሎ! እልህ ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

ቃሲም ካቴና አጠለቀለት። ቅጹንም አቀረበለት። ሙሀመድኑር እያለቀሰ አነበበው፤ ሽበቱን ከላይ፣ ወፉን ከታች እንዳሉ ትቶ ከዑመር ፊርማ ጎን ፈረመ።

ቃሲም ቅጹ ወደሚገባበት ጽሕፈት ቤት እየሮጠ ደረሰ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ታስሯል አሉ» አለ ኃላፊው የሙሀመድኑርን ፊርማ እያየ። «የፈረመው ከመታሰሩ በፊት ነው በኋላ?»

ቃሲም እውነቱን ተናገረ። «በኋላ።»

«የእስረኛ ፊርማ አንቀበልም።»

ቃሲም ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በራሱ ክፉኛ ተናዶ ነበር። «አስፈርሜው ባስረው ምን ነበረበት?» አለ ተከትሎት ለመጣው ለጀይሉ።

ሰኞ ማለዳ ምንጠራው ተጀመረ፤ ከገደሉ በኩል።