እንዳይፈርስ ቀዩን ይጫኑ

አዛውንቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጽሐፍ እንደታቀፉ ከመደርደሪያው ሥር በጀርባቸው ወድቀዋል፤ መሰላሉም ከጎናቸው ተጋድሟል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በካቴና ታስሮ በር ላይ ቆሟል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ቤቱ ሁሉ ስለሰማ «ይያዝ» ብላ በስልክ ያዘዘችው ኢንስፔክተሯ ራሷ ነበረች።

ተንበርክካ መሰላሉን መረመረችው። አንድ ብሎን እንኳ አልወለቀም። ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ከቀዩ መቀርቀሪያ አጠገብ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ወረቀት ተልጦ የቀረው ሙጫ ገና ጣት ይይዛል። በችኮላዋ ማፈር የጀመረችው እዚያው ነው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚሁ መሰላል ነዋ!» አለ የንብረት ሠራተኛው። «አዲስ ነው፣ ሳንለምደው አይውጡበት ብላቸው ማን ሊሰማኝ!»

የቤተ መጻሕፍቱን ፀሐፊ ጠርታ ከጽሑፉ አንድ ቃል አሳየቻት። «‹ኮላፕስ› ምን ማለት ነው?»

«መፍረስ! ሕንፃው ኮላፕስ አደረገ ይባል የለ?»

አብሯት የመጣው የቤተ መጻሕፍቱ ተርጓሚ ግን ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «እዚህ ላይ እንኳ... መታጠፍ ነው» አለ።

ሦስቱንም ንባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መሰላሉን ማንም አላበላሸውም። ሲነቃነቅባቸው መቀርቀሪያውን የተጫኑት ራሳቸው ናቸው። መሞት የፈለገ ሰው ደግሞ መጽሐፍ መርጦ አይታቀፍም። ስለዚህ ‹ተጫን› ያላቸው ነገር አለ፤ እሱም ዛሬ ጠዋት ተልጧል። ተርጓሚው ጽፎት ፀሐፊዋ የተየበችው ቅጂ ይኸው፦ ‹እንዳይፈርስ ቀዩን ይጫኑ›። እንግሊዝኛው የሚለው ‹ለማጠፍ› ነው።» ወደ ተርጓሚው ዞረች። «ሲጽፉት መፍረስ ነበር። መታጠፍ መሆኑን መቼ አወቁ?»

የተርጓሚው ፊት አመድ መሰለ።

«መዝገበ ቃላት ያየሁት ከሞቱ በኋላ ነው። መሰላል እንዲፈርስ ይህን ይጫኑ ብሎ የሚጽፍ ጤነኛ አለ? የፈረንጁን ስህተት ያረምኩ መስሎኝ ‹እንዳይፈርስ› አልኩት። አፈርኩና ላጥኩት።»

«ይሄ ሰው ሲታሰርስ?»

«እያየሁ ዝም አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን በገዛ እጇ ፈታች፤ ቀና ብላ ሰውየውን ለማየት ግን ድፍረት አጣች። እሱ አንጓውን እያሻሸ ወደ ተርጓሚው ተጠጋ።

«ጋሼ እንግሊዝኛ ያስተማሩህ አይደሉ?» አለው ቀስ ብሎ። «ፈረንጅኛውን ራስዎ ያንብቡት እንጂ ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹የኔ ተማሪ ጽፎልኝ ምን አነባለሁ!›»