ጸሎት ቤቱ እስኪከፈት

አልታየች ገና ሳታገባ ትዳር ሰልችቷት ነበር።

ምን ታድርግ! ደሴ ያለው ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌው እህል መጋዘን ከሆነ ወዲህ ሠርጓ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። እጮኛዋ መኳንንት፣ የፒያሳው ልብስ ሰፊ፣ «በተጠመቅንበት ቤት ካልሆነ አላገባም» ብሎ በምእመኑ ፊት ቃል ገብቷል። ለእሱ ምን አለበት! በየቀኑ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ፣ ማታ የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ወጥታ ባዶ ቤት የምትገባው እሷ ናት።

በጥር 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸደቀ ተባለ። መኳንንት ነፍስ ዘራ።

«የእምነት ነፃነት ይላል እኮ! እሑድ ቀበሌው ሲሰበሰብ እጠይቃለሁ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎችም ተከትለውኝ ይነሣሉ።»

«እኔ ደክሞኛል፣ መኳንንት» አለችው። «እቤት ውስጥ በጸሎት እንጋባና ይብቃን።»

ትክ ብሎ አያት። የምትወደው ይህን አስተያየቱን ነው፤ የምትናደደውም በዚሁ።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። መኳንንት እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕዝብ ባጸደቀው ሕግ እምነት ነፃ ነው። ጸሎት ቤታችን ይከፈትልን።»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ጥያቄው ያንተ ብቻ ነው ወይስ ተባባሪ አለህ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አልታየች ብትቀመጥ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሱን ለብቻው ቆሞ ማየት ግን አንጀቷ አልቻለም። እንደደከማት ተነሣች።

«የእኔም ጥያቄ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ።»

መኳንንት ዞሮ አያት።

«መቼ ነው የተጋባችሁት?» አለ ሊቀመንበሩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«አሁን» አሉ። «እኔ አጋብቻቸዋለሁ፤ ምስክሩም ይኸው ሕዝብ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች።

ሦስቱንም ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ነዳቸው። መኳንንት በመንገድ ላይ እጇን ያዘ፤ ሰው እያየው እጇን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።

«በተጠመቅንበት ቤት ካልሆነ ብዬ ነበር እኮ» አላት።

«አሁን ማን ጠየቀህ?»

«ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ!» አለ ጥበቃው።

«ጸሎት ቤቱስ?» አለ መኳንንት፣ እጇን ሳይለቅ።

«አብረን እንጠይቃለን» አለችው። «ስትፈታ ግን በቀጥታ ወደ ቤትህ ና።»