የዝግባዋ ጣውንት

አባይነህ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሙዚቃ በሚሰማባት ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ነው። በርጩማው ተገልብጧል፤ ራሱን የመታው፣ ከሸክላ ማጫወቻው ሥር ያለው የእብነ በረድ ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ቡሉኮ ከአንድ ምስማር ብቻ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ ናዝራዊት ከገበያ ስትመለስ አገኘችውና ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ባልና ሚስቱ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሁሉም ሰምቶ ስለነበር፣ ፖሊስ እስኪደርስ ጎረቤቱ ችሎት ተቀምጦ፣ ፈርዶ፣ ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ሓዳስ ስትገባ ናዝራዊት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች።

«ጠዋት ምን አልሽው?»

«አንድ ቀን ይህን ዕቃህን ሰባብሬልህ እሄዳለሁ አልኩት።»

«ዕቃውን ያን ያህል ምን አስጠላሽ?»

«ጣውንቴ እኮ ናት። ከእኔ ጋር ራት ቁጭ ብሎ አይበላም፤ እሷ ፊት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣል። በሴት ብቀና ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ፀጉሯን እነጫለሁ።»

ሓዳስ ጣውንቲቱን ቀረብ ብላ አየቻት። አባይነህ አምስት ኪሎ አካባቢ የሚያስተምር መምህር ነበር፤ በመምህር ደመወዝ አዲስ ዕቃ አይታሰብም። ስለዚህ የስፒከሮቹን ሣጥን ከፈረሰ ቤት በተረፈ የዝግባ በር አሠራ። አምፕሊፋየሩን እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ራዲዮ ጠጋኝ የሲን ከወዳደቀ ዕቃ ገጣጠመለት። ሸክላ ማጫወቻው እንዳይንቀጠቀጥ የአንድ የድሮ ኬክ ቤት ጠረጴዛ እብነ በረድ ከሥሩ አደረገ። ድምፁ እንዳያስተጋባ ደግሞ ቡሉኮውን ከአልጋ ላይ አንስቶ ግድግዳ አለበሰው። ናዝራዊት ከዚያ ወዲህ በስስ ብርድ ልብስ ነው የምትተኛው።

አምፕሊፋየሩ እንደበራ ነው። ሸክላው አልቆ መርፌው መሃሉን እየፋቀ ይዞራል።

«ሙዚቃ ከፍቶ ሌላ ሥራ ይሠራል?»

«አባይነህ? ሸክላ ካስቀመጠ ስልክ እንኳ አያነሳም።»

ሓዳስ የግራና የቀኙን ስፒከር የምታመጣጥነውን ቁልፍ አየች። ወደ ቀኝ ዞራለች። በስልኳ ፎቶ አነሳቻት።

«ይህችን ማን ይነካል?»

«ማንም። ከመሃል ፈቀቅ ካለች ያመዋል። እኔ አቧራዋን እንኳ አላራግፍም።»

የሓዳስ አለቃ ሚስቲቱ ትታሰር ብሎ በስልክ ወስኖ ነበር። ሓዳስ እስከ ሰኞ እንዲታገሣት ለመነችው። ሰኞ ካለፈ ናዝራዊት ባሏንም ሳትቀብር ወደ እስር ቤት መሄዷ ነው።

ወደዚያች ክፍል የሚገቡት እንግዶች ሁለት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው የሲን ነው።

«ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«አልዋሽሽም፣ ይቆጨኛል» አለ የሲን መበየጃውን ሳያስቀምጥ። «በእጄ ገጣጥሜ፣ እንግዳ ሲመጣ ‹አባይነህ የሠራው› ይባላል። አንድ ቀን ስሜን አላነሳም። ግን የሠራሁትን የሚያውቅልኝ ጆሮ የእሱ ብቻ ነበር። እሱን ገድዬ ለማን ልሥራ?»

ሁለተኛው ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ጋሽ ወልደገብርኤል ነው። ሓዳስ ከባንኮኒው ዳር፣ በስተቀኙ ቆማ ሰላምታ ብትሰጠው ቀና አላለም። ሻጯ ሊያ ትከሻውን ስትነካው ነው የዞረው።

«በዚህ በግራ በኩል ተቀመጪ፤ እዚያ የመኪናው ጩኸት ይረብሻል» አላት።

«ወዳጅዎ ነበር አሉ።»

«እንዴታ። እኔ ቤት ያለው ዕቃ ከዱባይ የመጣ ነው። ሦስቴ ለውጫለሁ። ሰው ግን ምሳውን እኔ ቤት ይበላና ሙዚቃውን ሊሰማ እሱ ጋ ይሄዳል።» ሳቀ።

«ቅዳሜ ሄደው ነበር?»

«ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም።»

ሳቁ ሓዳስን አላማራትም። አብራት የተመረቀች ጓደኛዋ ቀድማት ማዕረግ ያገኘች ቀን፣ እሷም እንዲሁ ስቃ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ፣ ቤቷ ገብታ በቅናት አልቅሳለች። ስትወጣ ሊያን ለብቻዋ አናገረቻት።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«በየተራ ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። እኔ ቁልፏን አዞራለሁ፤ ዘፋኟ ፊት ለፊታችሁ የቆመች ሲመስላችሁ ይበቃል በሉኝ።»

የሲን ቁልፏ ልክ መሃል ስትደርስ ይበቃል አለ። ናዝራዊት በዚያ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም። እሷም መሃል ላይ አስቆመቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ «ይህን ነበር እንዴ የሚሰማው?» አለች።

ወልደገብርኤል ተዝናንቶ ተቀመጠ። ቁልፏ መሃሉን አለፈች። «ጨምሪ» አለ። «ጨምሪ። እዚህ ላይ።»

ሓዳስ የስልኳን ፎቶ ከቁልፏ ጎን አስጠግታ አሳየቻቸው። አንድ ነበሩ።

«ሸክላ ሲከፍት ሌላ ነገር የማይነካ ሰው፣ ሙዚቃ እየሰማ በርጩማ ላይ ወጥቶ ቡሉኮ አይሰቅልም» አለች። «ስለዚህ ሸክላውን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። በርጩማውን ገልብጦ ቡሉኮውን ያላቀቀውም እሱ ነው፤ አደጋ እንዲመስል። ከዚያ መሮጥ ሲገባው ተቀመጠ። ናዝራዊት ብትሆን ዕቃውን ትሰብረው ነበር እንጂ አታደምጠውም። የሲን ድምፁን በቃሉ ያውቀዋል። የተቀመጠው፣ ይህ ውዳቂ ዕቃ ከእኔ የሚበልጠው በምኑ ነው ብሎ ሲቃጠል የኖረ ሰው ነው። ድምፁ ወደ ግራ ያጋደለ መሰለውና ቀኙን ጨመረ። ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ቀኝ ጆሮዎ ደክሟል። ሱቅዎ ውስጥ በቀኝዎ ቆሜ ሰላም ስልዎት አልሰሙኝም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሱቅ እንዳልነበሩም ሊያ ነግራኛለች።»



«ሽጥልኝ፣ የፈለግከውን ልክፈል አልኩት» አለ ወልደገብርኤል። «ሳቀ። ‹የእርስዎ ዕቃ ደህና ነው ጋሼ፤ ጆሮዎን ይታዩ› አለኝ። የሰደበኝ መሰለኝ፤ ገፋሁት።»

«እውነቱን ነው የነገረዎት።»

ሰውዬው ሓዳስን ትክ ብሎ አያት። «ታዲያ የእኔም ዕቃ ደህና ነበር?»

ናዝራዊት ፊቱ መጥታ ቆመች። እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። አንተ ሙዚቃ ስትሰማ እሱ በሕይወት ነበር። ሲያቃስት አልሰማህም?»

ወልደገብርኤል አባይነህ የወደቀበትን፣ ከወንበሩ በስተቀኝ ያለውን ወለል አየ።

«አልሰማሁም» አለ።

ሓዳስ አመነችው። ናዝራዊትም አመነችው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባም ያን ጊዜ መጣ።