ጀልባ ላይ የማይባል ቃል

ሮና እባላለሁ፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ክሬግሄቨን ወደብ ላይ ካለችው የእንጨት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ለአባቴ ጀልባ ትኬት እሸጣለሁ። ተቀምጬ ማለቴ ለወጉ ነው። እነሳለሁ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ባሕሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። በጋው ሲያልቅ ወደ ግላስጎው እሄዳለሁ እያልኩ ከተማውን ሁሉ አሰልችቻለሁ።

ሰኞ ዕለት ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ አንድ ረጅም ወጣት መስኮቴን አንኳኳ።

«እዚህ ከተማ ለእንግዳ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«የተጠበሰ ዓሣ በድንች ትገዛለህ፤ የባሕር ወፍ ይነጥቅሃል። የፈረሰውን ግንብ ልታይ ትወጣለህ፤ ዝናብ ይመታሃል። ከዚያ አውቶቡስህን ተሳፍረህ ትሄዳለህ። እኔም በጋው ሲያልቅ የማደርገው እሱን ነው።»

ሳቀ። የዓይኑ ውሃ ደስ አለኝ፤ ግን ይህን ለራሴም አላመንኩም።

ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሶ መጣ። «ተነጥቄያለሁ፤ ዝናቡም መቶኛል። ቀጥሎስ?»

ስሙ ኢነስ ነበር። ማክሰኞ ወደ መብራት ማማው ላክሁት። ረቡዕ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ዐለቱ መሃል ትቶት በሚሄደው ገንዳ ዋኝ አልኩት፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ።

«ሰው ትገድያለሽ እንዴ!»

«ኧረ ወዲያ! የኛ ሕፃናት የሚዋኙት እዚያው ነው።»

የአንገት ልብሴን አውልቄ ሰጠሁት። ሲጠመጥመው ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፈጥኜ ፊቴን አዞርኩ። የተስተካከሉትን ትኬቶች እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ።

ሐሙስ ዳሱን ዘግቼ አብሬው ወጣሁ። ዓሣ በጭስ ከሚደርቅበት ቤት ትኩሱን ገዝተን የወደቡ ግንብ ላይ በእጃችን በላን። ይሄ የማን ቤት እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ አሮጊት በመስኮት እያየችን እንደሆነ ነገርኩት። ምንም የለም ያልኩት ከተማ ወሬው አላልቅ አለኝ። እሱ ሲያዳምጥ ቆይቶ ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«ሮና፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

ሚስት አለው አልኩ በሆዴ።

«ቄስ ነኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጢሙ ላይ የዓሣ ቅባት ተለጥፎ ምኑ ነው ቄስ!

«የምሬን ነው፤ የፕሮቴስታንት ቄስ ነኝ፣ ገና ያላገባሁ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ቄስ የላትም፤ ና አገልግለን ብለውኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ማንም ሳያውቀኝ አገሩን ልየው ብዬ መጣሁ። ነገ ማታ እደውልላቸዋለሁ።»

«ውይ አፌ ይቆረጥ! እስካሁን አንተ እያልኩ ስቀልድብዎት!»

«አንተ በይኝ ባክሽ። እርስዎ ካልሽኝ አሁኑኑ ባሕር እገባለሁ።»

«እሺ፣ ምን ልትላቸው ነው?»

ጠጠር አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረ። «መቀበል ፈልጌ ነበር» አለ።

ነበር አለ። ያቺ «ነበር» እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዓርብ ወደ ወፎቹ ደሴት የሚሄደው ጀልባ ላይ ከመሳፈሩ በፊት እጁን ይዤ አስቆምኩት። የኛ ባሕረኞች ቄስ ለባሕር ገድ የለውም ይላሉ። ሰውየው ቀርቶ ቃሉንም ጀልባ ላይ አይጠሩትም፤ ግድ ከሆነባቸው «ጥቁር ለባሹ» ይላሉ። አንዱን ካመለጠው ክፉው እንዲርቅ ሁሉም ብረት ይነካል፤ ጀልባውም ወደ ወደብ ይመለሳል።

«አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም» አልኩት። «አፍህን ያዝ።»

«እንደ ሙት ዝም እላለሁ» አለኝ።

አባቴ መሪውን ይዟል፤ ጎብኚዎቹ ፊት ለፊት ተኮልኩለው ፎቶ ያነሳሉ። እኔና ኢነስ ከኋላ ነን። ነፋሱ ያንገላታናል።

«እንቢ ልላቸው ነው» አለኝ።

«ለምን?»

«አንቺ ትሄጃለሻ! ይህን አገር የወደድኩት በአንቺ ዓይን አይቼ ነው። እሁድ እሁድ ቆሜ ስሰብክ ዓይኔ አንቺን ሲፈልግ ሊኖር ነው? አልችለውም ሮና። እወድሻለሁ።»

ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። መልሼ ተነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መሄድ ስመኝ የኖርኩትን እኔን የሌላ ሰው መሄድ አንጀቴን አቃጠለኝ።

«እሄዳለሁ ያለው ማነው?»

«አንቺ ነሻ! በየቀኑ!»

«ስንት ዓመት ሙሉ አልኩት! ሄድኩ እንዴ? የምረጋበት ሰው አጥቼ እኮ ነው! ተቀበላቸው፣ የክሬግሄቨን ቄስ ሁን! እኔም የትም አልሄድም፤ እወድሃለሁ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ድምፄ ከሞተሩ በላይ ወጥቶ ኖሯል። የአባቴ መዳፍ ብረቱን ጧ አደረገው። ሞተሩ ዝቅ አለ። ጎብኚዎቹ ነገሩ ባይገባቸውም ዞረው አፈጠጡብን።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያ ቃል እዚያ ጀልባ ላይ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

«እሱ ነው?» አለ ኢነስን በአገጩ እያመለከተ።

«እሱ ነው» አልኩ፤ ቄሱን ይሁን የምወደውን የጠየቀኝ ሳላውቅ።

መሪውን አዞረ። የወፎቹን ደሴት ሳናይ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ኢነስ ጣቶቼን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ነበር።

ወደቡ ላይ አባቴ ገመዱን ቀስ ብሎ አሰረ፤ ከዚያ መጥቶ ኢነስ ፊት ቆመ።

«ስማ። ከእንግዲህ እግርህ ጀልባዬን እንዳይረግጥ።»

«እሺ አባቴ» አለ ኢነስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ቤቴ ግን ጀልባ አይደለም» አለው። «እራት አንድ ሰዓት ላይ ነው። እዚያ ያሻህን ቃል ተናገር።»

ይህን ብሎ ወደ ጎብኚዎቹ ሄደ።

ኢነስ ማታ እስኪሆን አልጠበቀም። እዚያው በቆመበት ስልኩን አወጣ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ «አቤት» ሲሉ «መጥቻለሁ» አላቸው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር።