የምታወራለት ሰው

የተዋወቁት በግንባሯ ነው። አውቶቡሱ ድንገት ሲቆም እሱ ጠቅልሎ የያዘው የሕንፃ ንድፍ ግንባሯን መታት።

«ይቅርታ!» አለ ደንግጦ።

«ቤቱ እንዳይፈርስ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮሌጅ ይሄዳሉ። እሱ «ጎረቤቴ» ይላታል፣ እሷ «መሐንዲሱ» ትለዋለች። መውደዱን ግን አልነገራትም። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት አለፈ።

እሷ የምትማረው ስፓኒሽ ነው። መምህሯ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ «በየቀኑ ኮሌጅ እንዴት እንደመጣችሁ ድምፃችሁን በስፓኒሽ እየቀዳችሁ ተላላኩ፤ ተራረሙም» አላቸው። ለእሷ የደረሳት አንድ ረጅም የክፍሏ ልጅ ነው። ቁመናው፣ አለባበሱ... ምኑ ቅጡ!

ከዚያ ወዲያ መሐንዲሱ ሰላም አጣ። ጎረቤቱ ስልኳን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ እሱ በማያውቀው ቋንቋ ታወራለች፣ መሀል ላይ ሳቋ ያመልጣታል።

«ምን አልሽው?»

«የቤት ሥራ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«የቤት ሥራ እንዲህ ያሽኮረምማል?»

«አንተ ደግሞ! ምን አገባህ?»

ምን አገባህ! በማግስቱ አንድ አውቶቡስ አሳልፎ በሚቀጥለው መሄድ ጀመረ። ስትደውል አያነሳም። እሷን የቀጣ መስሎት ራሱን ቀጣ።

በአሥረኛው ቀን ንድፍ ክፍል ውስጥ አቀርቅሮ ሲሠራ ረጅሙ ከፊቱ ቆመ።

«መሐንዲሱ አንተ ነህ?»

«ብሆንስ?»

«እባክህ ወደ አውቶቡስህ ተመለስ! ፊት ‹መሐንዲሱ ትከሻዬ ላይ ተኛ፣ መሐንዲሱ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ› ስትለኝ ከረመች። አሁን በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ሆነ።»

«ምን?»

«‹ዛሬም አልመጣም።› በቃ! ምኑን ልረመው? ስህተት የለውም።»

መሐንዲሱ የሚገባበት ጠፋው። ለካ የቀናው በራሱ ኖሯል!

በማግስቱ ጠዋት ሮጦ አውቶቡሷ ላይ ወጣ። ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣለች።

«ሰው አለው?»

«ነበረው» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

«ቀንቼ ነው...»

«በማን?»

«በረጅሙ። እወድሻለሁ! ዓመት ሙሉ አፌ ተሳስሮ ነው እንጂ...»

ዞር አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አሥር ቀን! ታምሞ ይሆን፣ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ... አንተ ክፉ!»

ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ተቀመጠ። እጇን ሲይዛት አላስለቀቀችውም።

ፌርማታቸው ሲያልፍ ሁለቱም ልብ አላሉም። ከመጨረሻው ፌርማታ ተያይዘው በእግራቸው ሲመለሱ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ ቆይቶ ነበር።