ገና አልሞላም

ይህ ከሰው የሰማሁት ታሪክ አይደለም። በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ጨለማም አልነበረም። ቀን ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ቶማሲና መናኸሪያ ውስጥ... ሰው በሚተራመስበት ቦታ ነው የጀመረው።

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ለእኔ ያው ነው። ማልቀስም ትቻለሁ። እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ስሜ ቶምቦ ነው። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሰነባብታ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሚራናን አምጣልኝ። ልጄን ሳላያት እንዳልሞት። አደራ።"

ሚራና ታናሽ እህቴ ናት። እዚያው ቶማሲና ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሄጄ አወጣኋት። ችግሩ፣ ወደ ሰሜን፣ እናቴ እስካለችበት እስከ ሶአኒራና ድረስ ሁለት ሰው የሚያሳፍር ሙሉ ሂሳብ ኪሴ ውስጥ የለም።

መናኸሪያው ውስጥ ዛፊ የሚባል ወያላ አውቃለሁ። አፉ አያርፍም።

"ቶምቦ፣ ደግሞ ባዶ ኪስህን ይዘህ መጣህ?"

"እህቴንም ይዣለሁ። በግማሽ ውሰደን።"

"በግማሽማ ግማሽህን ነው የምወስደው። እግርህ ይቅር ወይስ ራስህ?" አለና ሳቀ። ከዚያ ሚራናን አያት። "እሺ... እስኪሞላ ሙሉልኝ።"

እኛ አገር ይሄን የማያውቅ የለም። ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ የሚገባ ሰው ስለሌለ፣ ወያላው የራሱን ሰዎች ያስቀምጣል። ተጓዥ መስለው ቁጭ ይላሉ። እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እኛም እንደዚያ ከተቀመጥንለት በኋላ በግማሽ ሊወስደን ተስማማን።

ከኋላ ወንበር ገባን። ከፊታችን እማማ ዜሊና ነበሩ። የእሳቸው ሥራ ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ይሳፈራሉ፣ የትም አይሄዱም።

ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ... ሲሞላ ውረዱ። መሬት ርገጡና እንደ ተሳፋሪ እንደገና ግቡ።"

"ለምን?"

"ለይምሰል በተቀመጣችሁበት እንዳትሄዱ። በቃ።"

ዛፊ ሰምቷቸው ኖሮ "እማማ ዜሊና ደግሞ ጥንቆላ ጀመሩ እንዴ?" አላቸው።

እሳቸው አልሳቁም።

ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥን። ሚራና ሥራውን ወዲያው ለመደችው። በመስኮት አንገቷን አውጥታ ለሚያልፈው ሁሉ "ኑ፣ ሊሞላ ነው" ትላለች። ፊቷ የዋህ ስለሆነ ሰው ያምናታል።

በኋላ እንቅልፍ ጣላት።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ሲሞላ እማማ ዜሊና ወረዱ። እኔም ወርጄ የተጠበሰ ሙዝ ገዛሁና ተመልሼ ገባሁ። ልቀስቅሳት ብዬ ትከሻዋን ነካ አደረግኳት... ግን ሌሊቱን የአሠሪዎቿን ልብስ ስታጥብ ነው ያደረችው። አሳዘነችኝ። ተውኳት።

እማማ ዜሊና ውጭ ቆመው በመስኮቱ ያዩኝ ነበር።

ዛፊ መናኸሪያው ውስጥ ቀረ፤ እኛ ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር ሄድን።

ከተማውን እንደወጣን ነቃች። ሙዙን ሰጠኋት።

"አልራበኝም" አለች።

መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። መኪናው ሲዘል ሁላችንም እንዘላለን። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጭንቅላቱ ጣሪያ እየመታ ሹፌሩን ይራገማል።

ሚራና ግን አልተነቃነቀችም።

የቆመ መኪና ውስጥ እንዳለ ሰው... ዝም ብላ ተቀምጣለች።

መስኮቱ ክፍት ነው። ነፋሱ የእኔን ሸሚዝ ያርገበግባል። የእሷ ፀጉር ግን ቦታው ላይ ነው። ልብ አልል ብዬ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

ፌኖአሪቮ ከተማ ላይ አንድ ሰው ወርዶ አንዲት ሴት ገባች። የያዘችውን የቅርንፉድ ዘንቢል ሳትጠይቅ ሚራና ጭን ላይ አስቀመጠችው። ባዶ ወንበር ላይ ዕቃ እንደሚቀመጠው።

"ለምን ዝም ትያለሽ?" አልኳት ሚራናን በሹክሹክታ።

"ምን ሆነ?"

"ዘንቢሉ።"

"የቱ ዘንቢል?"



ወደ ውጭ እያየች "ወንድምዬ፣ መቼ ነው የሚሞላው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"መኪናው ነዋ። ደከመኝ። ያቺ ሙዝ ሻጭ እንኳ ዞራ ዞራ መጣች... እያት።"

አየሁ። ባሕር ነው። መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቅርንፉድ አለ። ሰው የለም።

"ሚራና... እየሄድን እኮ ነው።"

"አትቀልድ" አለች። ተናዳብኛለች።

ያኔ ዝናብ ጀመረ። ሰዉ መስኮት ይዘጋል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሚራና ጉንጭ ላይ ግን...

ፀሐይ አርፎበታል።

የቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይ። ዓይኗን አጥብባ በእጇ ትከልለዋለች።

መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። እናቴ ጋ ላድርሳት እንጂ ከዚያ በኋላ እሷ ታውቅበታለች አልኩ። እናት አይደለች?

ሲመሻሽ ደረስን። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ የሰው ጆንያ ሊያወርድ ጣሪያ ላይ ወጣ።

"ሚራና፣ ውረጂ። ደርሰናል።"

"ገና አልሞላም።"

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ማንን ነው የምትጎትተው?" አለኝ አጠገቤ ያለው ሰውዬ። "ውረድና እንሂድ።"

ወረድኩ። ምን ላድርግ?

እናቴ በምርኩዝ ተደግፋ በር ላይ ቆማለች። ከአልጋ መነሳት የማትችል ሴት።

"ብቻህን ነህ?" አለችኝ።

በእጄ መስኮቱን አሳየኋት።

ሚራና አንገቷን አወጣች። እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። አላወቀቻትም። መናኸሪያ ውስጥ ለማንም እንደምትለው ፈገግ ብላ...

"እማማ፣ ይምጡ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን" አለቻት።

የቀረው ቦታ የእኔ ነበር።

የእናቴ ፊት በራ። እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ምርኩዟን እጄ ላይ ትታ ወደ መኪናው ሄደች። መወጣጫው ጋ ስትደርስ፣ ቤት እንደሚገባ ሰው ጫማዋን አወለቀች።

"እማዬ፣ አትግቢ" አልኳት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ለምን ቀስ ብዬ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ልጄ ናት" አለችና ገባች።

ሚራና ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። እናቴ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

"አሁን ሞላ" አለች ሚራና።

ዘልዬ ገባሁ። ከኋላ ወንበር፣ እነሱ በተቀመጡበት ቦታ ላይ ያ የቅርንፉድ ዘንቢል ብቻ ነበር።

ስወርድ ረዳቱ የእናቴን ጫማ ከመወጣጫው ላይ አንስቶታል። የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ይዞት ጣሪያው ላይ ወጣና ከተሳፋሪው ዕቃ ጋር በገመድ ጠፍሮ አሰረው።

ከዚያ ጣሪያውን መታ መታ አደረገ... መኪናውም ሄደ።